የሰው ሊጥ የደፋሁበት ፋሲካ

እኛ ቤት ፋሲካ የሚገባው እርሾ ከወጣ በኋላ ነው። ሰባቱን ቀን ያልቦካ ቂጣ ብቻ ስለምንበላ፣ በዓሉ ከመድረሱ በፊት የቦካ ነገር ሁሉ ከቤት ይወጣል። ሊጥ ይደፋል፣ የእንጀራ ፍርፋሪ ይጠረጋል፣ ልጅ ኪሱ ውስጥ ረስቶት የከረመ ብስኩት ሳይቀር ይፈለጋል። በስምንተኛው ቀን ደስታው ይመጣል። ያን ቀን ቡሆ እንለዋለን። አዲስ ሊጥ ይቦካል፣ ትልቅ ዳቦ ይጋገራል፣ ለቤተሰብም ለጎረቤትም ይቆረሳል።

እኛ ቤተ እስራኤል ነን። ወላጆቼ ከላስታ በኩል ወደ ራያ ቆላ የወረዱ ናቸው፤ አባቴ ብረት ይቀጠቅጥ ነበር፣ እናቴ ሸክላ ትሠራ ነበር። ዛሬ ቆቦ ከተማ ውስጥ ከእኛ ሌላ ይህን በዓል የሚያከብር ቤት አላውቅም። ጸሎት ቤት የለንም፣ ቄስም የለንም። ቀኑን የሚነግሩን ጎንደር ያሉ ዘመዶቻችን ናቸው፣ በስልክ። የቀረው በእኔ እጅ ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ ኦሪቱን አንብቤ አላውቅም። የማውቀው እናቴ ስትሠራ ያየሁትን ነው። አንድ ነገር ብረሳ የሚያርመኝ ሰው የለም። ስለዚህ እፈራለሁ፤ የጠረግሁትን መልሼ እጠርጋለሁ፣ ያጠብኩትን መልሼ አጥባለሁ። ባሌ ይስቅብኛል።

«አንቺ ሴት፣ ግድግዳውንም ልታጥቢው ነው?» ይለኛል።

«ፍርፋሪ ካለበት አጥበዋለሁ» እለዋለሁ።

እሱ አውራ መንገዱ ዳር በርና መስኮት ይበይዳል። ቀልደኛ ነው፣ እኔ የማስበውን ግማሹን እንኳ አያስብም። ምናልባት አንድ ቤት ሁለት ጭንቀታም ስለማይችል ይሆናል።

ዘንድሮ ስለሆነው ነገር ከመጻፌ በፊት ግን ቆቦ ሳንገባ ጎብዬ ሳለን የሆነውን መናገር አለብኝ። ያለዚያ ለምን እንደፈራሁ አይገባም። ልጃችን ያን ጊዜ አራት ዓመቷ ነበር። በቡሆ ቀን ከጋገርኩት ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋትና ደጅ ወጣች። ከተከራየንበት ግቢ ልጆች ለአንዱ አካፈለችው። የልጁ እናት ሮጣ መጥታ ጣቷን አፉ ውስጥ ከታ አስተፋችው። «ከዚያ ቤት የበላ ይታመማል» አለች፣ እኔ እየሰማሁ። እንደኛ ያለ ሰው በዓይኑ ሰው ይበላል የሚባለውን አምና ነው። ልጄ የቀረውን ዳቦ እንደዘረጋች ቆማ ቀረች። ዳቦው የመረረ መስሏት ኖሮ «እማ፣ ጨው በዛበት?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚያው ዓመት ቆቦ ገባን።

ቆቦ ሰላም አገኘን። ማን እንደሆንን የነገርኳቸው አጠገባችን ለሚኖሩ አንዲት ሙስሊም ሴት ብቻ ነበር፤ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። በየዓመቱ የቡሆን እርሾ የሚሰጡኝ እሳቸው ነበሩ። እርሾውን ሁሉ ደፍቶ የከረመ ቤት ከሌላ ቤት ካልተበደረ ከየት ያመጣል? እናቴ «የቡሆ እርሾ ከጎረቤት ደጅ ነው የሚገባ፤ ከጎረቤቱ የተጣላ ቡሆ የለውም» ትል ነበር። እኒያ ሴት አምና ልጃቸው ዘንድ ሮቢት ሄዱ። ቤታቸውን ወጣት ባልና ሚስት ተከራዩት። እሱ ባጃጅ ይነዳል። እሷ እቤት ናት፤ ክርስቲያን ናት፣ ጾም የማታጓድል። ከልጄ እኩል አሥር ዓመት የሆናት ሴት ልጅ አለቻቸው።

ሁለቱ ልጆች በሳምንት ውስጥ አንድ ሆኑ። ከትምህርት ቤት አብረው ይመጣሉ፣ አንድ ሳህን ላይ ይበላሉ። ያቺ ልጅ እኔ ቤት ስትበላ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ እፈራለሁ። እናቷ ማን እንደሆንን አታውቅም። ያወቀች ቀን ልጇን ትሰበስባለች፣ የእኔም ልጅ እንደገና ደጅ ላይ ቆማ ትቀራለች እያልኩ አስብ ነበር። ልጄን «ስለ በዓላችን ለማንም አትንገሪ» አልኳት። እሺ አለች። ፊቷን ሳየው ግን እሺታዋ ደስ አላለኝም።

የበዓሉ ዋዜማ ዕለት ገበያ ወጥቼ አዲስ የሸክላ ምጣድ ገዛሁ። የቂጣው ምጣድ የቦካ ነገር ያልነካው መሆን አለበት። ስመለስ ፀሐይ ለመጥለቅ ሁለት ሰዓት ያህል ቀርቷት ነበር። ከበዓሉ በፊት እንደ ወጋችን ሦስት ቀን ሙሉ ከሽምብራ ቆሎ በቀር አልበላሁም። ለመጨረሻ ጊዜ ማድ ቤቱን ልፈትሽ ገባሁ። ከመደርደሪያው ሥር፣ ጥጉ ላይ፣ ነጭ ባለክዳን ባልዲ ተቀምጧል።

ባሌ የቀለም ባልዲ ባዶ ሲሆን ወደ ቤት ያመጣዋል፤ ሊጥ የማቦካው በእሱ ነው። ክዳኑን ስከፍተው ሊጥ ነው፤ ኩፍ ብሎ እስከ አፉ ደርሷል። ክው አልኩ። ሦስት ጊዜ የፈተሽኩት ማድ ቤት ነው። ይሄ እንዴት አመለጠኝ? እያልኩ ማንንም ሳልጠይቅ ባልዲውን አንስቼ ከአጥሩ ኋላ ካለው ቦይ ደፋሁት። በአመድ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ደጅ ድንጋይ ላይ ዘቅዝቄ አስቀመጥኩትና እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ ሳልደርስበት በዓሉ ቢገባ ኖሮ ብዬ።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቴ መጣች። ፀጉሯ ላይ ነጭ ብናኝ አለ።

«እትዬ፣ ተገላገልኩ። የወባ መድኃኒት ረጪዎቹ አሁን ገና ወጡ» አለች። «የሚበላ ነገር ሁሉ አውጡ ሲሉኝ፣ ገበያ ሳለሽ ሊጤን አንቺ ጋ አኖርኩት። ለልጅሽ ነግሬያት ነበር። ባልዲዬን ልውሰድ።»

ልጄን አየኋት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ረስታዋለች። ጎረቤቴ ያን ባልዲ ከየት እንዳገኘችው ያስታወስኩትም ያን ጊዜ ነው። ቤት የገቡ ሰሞን ባሌ ከእኛዎቹ አንዱን ሰጥቷቸው ነበር።

እዚህ ላይ ዋሸሁ። ሃምሳ ጊዜ አስቤ የምናገር ሰው፣ ያን ጊዜ አፌ ከእኔ ቀደመ።

«ውሻ ገብቶ ደፋብሽ» አልኳት።

ጎረቤቴ ድንጋዩ ላይ የተዘቀዘቀውን ባልዲ አየችው። ውሃው ገና ይንጠባጠባል።

«ደፍቶ ሲያበቃ አጥቦ አስቀመጠው?» አለች። «እንዲህ ያለውን ውሻ ለእኔም ፈልጊልኝ።»

አልሳቀችም። ልጄ መሬት መሬት እያየች፣ «እማ ናት የደፋችው። የእኛ መስሏት ነው። ነገ ፋሲካችን ነው፤ በፋሲካ የቦካ ነገር ቤታችን አያድርም» አለች።

«ፋሲካ ገና ነው እኮ» አለች ጎረቤቴ። «ሁዳዴው የት ይሄድና?»

«የእኛ ሌላ ነው» አልኳት። ከዚያ በኋላ መደበቅ ዋጋ ስላልነበረው ሁሉንም ነገርኳት፤ ቤተ እስራኤል መሆናችንን፣ የሰባቱን ቀን ቂጣ፣ የእርሾውን ነገር። ስናገር ድምፄ እንደ ተከሳሽ ነበር። እሷ ባልዲዋን አንስታ ውስጡን አየችው።

«እርሾዬም እዚሁ ውስጥ ነበር» አለች።

«የጤፍና የማሽላ ዱቄት እሰጥሻለሁ።»

«ዱቄት ዛሬ ለእራት እንጀራ ይሆነኛል?» አለች። ቆይታ «እሺ» አለችና ዱቄቱን ሳትወስድ ሄደች።

ባሌ ማታ ሲመጣ ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ዱቄቱን ተሸክሞ ሄዶ ለባልየው ሰጥቶት መጣ። «ምን አለች?» ብለው «ተጠምዳ ነበር፣ አላናገረችኝም» አለኝ። ከዚያ ቂጣ ለመጋገር ተነሳሁ። ዱቄቱ ውሃ ከነካው ጀምሮ ጊዜ አይሰጠውም፤ ለውሶ ወዲያው ምጣድ ላይ ማዋል ነው። መቸኮሉ በጀኝ፣ ሌላ ነገር እንዳላስብ አደረገኝ። ባሌ አባቴ ይላት የነበረችውን አጭር ምስጋና ደገመ፤ ከግብፅ ስላወጣኸን ብሎ ጀምሮ ቀሪውን እንደሚያውቀው አለው። ሦስታችን በላን። ቂጣው መልካም ነበር፣ እኔ ግን ጣዕሙን ያወቅኩት ልጄ «ይጣፍጣል» ስትል ነው።

በማግስቱ የጎረቤቴ ልጅ አልመጣችም። በሦስተኛው ቀን አጥሩ ጋ ቆማ ከልጄ ጋር ስታወራ አየኋት፤ ግን አልገባችም። «ግቢ» አልኳት። «አልገባም» አለችና እጇን ወደ ኋላዋ ደብቃ ሄደች። የጎብዬውን ዳቦ ታስታውስ እንደሆነ ልጄን ለመጠየቅ ፈልጌ ፈራሁ። በእኔ ጥድፊያ ነው ይሄ የሆነው፤ አንድ ጊዜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፣ ሊጡ ከአጥሩ ውጭ ቢያድር ኖሮ እያልኩ ሳምንቱን አሳለፍኩት።

በሰባተኛው ቀን ባሌ፣ «ለነገ እርሾ ከየት ልታመጪ ነው?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ሱቅ የታሸገው አለ አይደል? ግዢና ገላግይን።»

«ቡሆ በሱቅ እርሾ ሲሆን አላየሁም።»

«እናትሽ ዘመን ሱቅ ውስጥ ስላልነበረ ነዋ» አለ። እውነቱን ነው። ግን ልቤ እምቢ አለ። ገንዘብ ተከፍሎበት ሲመጣ ማንም ለእኔ ምንም አልሰጠኝም፤ እናቴ ከደጅ ይገባል ያለችው ያ አልነበረም። ሆኖም ከሌለ ምን ይደረጋል ብዬ ልጄን ሱቅ ልልካት ስል ፀሐይዋ ወደ ተራራው ወርዳ ነበር። የውጭው በር ተንኳኳ።

ጎረቤቴ ናት። በቆርቆሮ ጣሳ የሆነ ነገር ይዛለች፣ በላስቲክ ተሸፍኗል። ከበሩ ውጭ ቆማለች።

«ግቢ እንጂ» አልኳት።

«አልገባም» አለች። እንደ ልጇ። ልቤ ወረደ። ከዚያ ጣሳውን ከፍ አደረገችና ሰማዩን አየች። «ልጅሽ ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል ብላኛለች። ጠልቃለች ትያለሽ? ገና ትንሽ የቀረ ይመስለኛል። ይዤው ገብቼ ሌላ ጥፋት እንዳላጠፋብሽ።»

«ምንድን ነው?»

«እርሾ ነዋ። ከእህቴ ቤት አምጥቼ አራብቼዋለሁ። እርሾ የደፋ ሰው እርሾ ያስፈልገው የለ?»

በሩ መሐል ላይ፣ እሷ ከውጭ እኔ ከውስጥ፣ ሰማዩ እስኪጠቁር ቆመን ጠበቅን። ባሌ ከውስጥ ሆኖ «ሁለታችሁን ምን ገተራችሁ?» ሲል፣ «ፀሐይ እየሸኘን ነው» አለችው። አንድ ኮከብ ስትወጣ ጣሳውን ተቀበልኳት። እሷ ግን እራት እሳት ላይ ጥጃለሁ ብላ ወዲያው ተመለሰች።

ያን ምሽት ሊጡን ሳቦካ እጄ ቀሎኝ ነበር። የስንዴ ዱቄቱን ነፋሁ፤ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ጨመርኩ። ሌላ ዓመት ወተት አደርግበታለሁ። ዘንድሮ ግን ጎረቤቴ ሁዳዴ ላይ ናት፤ ወተት ከነካው ለእሷ አይሆንም። በዘይት ብቻ ለወስኩት። ዘይቱ ቅቤ ነክቶት እንዳይሆን ማንኪያውን እንኳ ቀየርኩ። ልጄ ሊጡ ላይ እጇን አሳርፋ «ይተነፍሳል» አለች።

ጠዋት ትልቁን ድስት የሙዝ ቅጠል አንጥፌበት ሊጡን ገለበጥኩ፤ ከታችም ከላይም ፍም አደረግሁለት። ሽታው ግቢውን ሞላው። ዳቦው ሲወጣ ጀርባው ወርቅ መስሎ፣ አንድ በኩሉ ብቻ ትንሽ አርሮ ነበር። ባሌ ቆረሰ። ሰባት ቀን ሙሉ ቂጣ ብቻ የበላ አፍ ያን የመጀመሪያውን ጉርሻ እንዴት እንደሚቀበለው ልነግራችሁ አልችልም። ልጄ ዓይኗን ጨፍና ነው የበላችው።

ከመሐሉ ለስላሳውን ቆርጬ በሳህን አደረግሁና ጎረቤቴ ደጅ ሄድኩ። በሩን ከፍታ ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

«የጾም ነው» አልኳት ቶሎ ብዬ። «በዘይት ነው። ማንኪያውም ሌላ ነው።»

«ጾም ነኝ» አለች። ሳህኑን በነጠላዋ ሸፈነችና አስቀመጠችው። ልጇ ቤት አልነበረችም፣ ውሃ ልትቀዳ ሄዳለች። ሳህኑን እዚያው ትቼ ተመለስኩ።

ጾም ነኝ። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል እንደማትቀምስ አውቃለሁ፤ ስንት ቀን አብሬያት ውያለሁ። ደግሞ ጾም ነኝ ማለት ሰው ሳያስቀይሙ እምቢ ማለትም ይሆናል። እርሾ መስጠት ሌላ፣ ከእጄ የወጣውን መብላት ሌላ። ጎብዬ ያለችው ሴት እንኳ ጨው አበድራኝ ታውቅ ነበር። ዳቦውን ለዶሮ ትሰጠዋለች፣ ወይ ለመንገደኛ ትመጸውተዋለች፣ ሳህኑን አጥባ በምስጋና ትመልስልኛለች፣ እኔም ምንም ልል አልችልም። ዕቃ ሳጥብ አሰብኩ፣ ግቢ ስጠርግ አሰብኩ። ልጄ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ወደ አጥሩ ታያለች። እሷም እየጠበቀች እንደሆነ ገባኝ፤ አንዳችን ለሌላችን አልነገርንም።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ጎረቤቴ መጣች። ሳህኑን ይዛዋለች፣ ዳቦው እንዳለ ነው፣ አልተነካም። ልጇ ከኋላዋ ናት። ሊመልሱልኝ የመጡ መሰለኝ።

«ብቻዬን ልበላው ብዬ ነበር፣ ግን በዓል ለብቻ አይበላም» አለችና ሳትጠየቅ ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ካለው የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጠች። «አንቺም ነይ፣ ቁጭ በይ። ልንገርሽ፤ ሁለት ቀን ተናድጄብሽ ነበር። በሊጡ አይደለም። ውሻ ስላልሺኝ ነው። እውነቱን ብትነግሪኝ ምን እሆናለሁ?»

«ፈርቼ ነው።»

«ምን ፈርተሽ?»

ስለ ጎብዬ ነገርኳት። አሳጥሬ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ወሬውን እሷም ልጅ ሆና ሰምታው እንደነበር አልደበቀችኝም። «ሲወራ ሰምቻለሁ። ሲበላ አላየሁም» አለች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «እጅሽ ንጹሕ ነው?»

ልጅቷ ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋች። «ሁሌ ታስታጥበኛለች» አለችኝ ለእኔ። «ብስኩት ይዤ ስለነበር ነው ያን ቀን ያልገባሁት። ቤታቸው ፍርፋሪ ብታራግፊ ወዮልሽ ብላኛለች።»

እናቷ ዳቦውን ቆረሰች። የመጀመሪያውን ለገዛ ልጇ አጎረሰቻት፣ ትልቅ አድርጋ፣ የልጅቷ ጉንጭ እስኪነፋ። ቀጥላ ለእኔ ልጅ። ከዚያ አማትባ ራሷ ጎረሰች። ስታላምጥ አየኋት። ሰው ሲበላ ትኩር ብሎ ማየት ነውር ነው፤ እኔማ በተለይ እንደዚያ ላለማየት ዕድሜዬን ሙሉ ስጠነቀቅ ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን እስክትውጠው ድረስ አየኋት፣ እሷም እየሳቀች አየችኝ።

«ድንብላሉ ትንሽ በዝቷል» አለች።

«እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርገው።»

«እንግዲያ ይሁን። ያረረው በኩል የት አለ? ባሌ የሚወደው እሱን ነው።»

ገብቼ ያረረውን ጎን እንዳለ ቆርጬ አመጣሁላት።